ከሳተላይት የሚወርደው ሞገድ እንዴት እንደሚለወጥና ተጠባባቂው መሣሪያ እንዴት እንደሚተካ

ለጅጅጋና ለአካባቢዋ ከተሞች ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ነጋዴ ዕቃውን ከማንቀሳቀሱ አስቀድሞ ወሬውን ያንቀሳቅሳል። የገበያው ዋጋ፥ የመርከቡ መድረስ፥ የባንኩ ፈቃድ ከዕቃው ቀድሞ ካልተሰማ ዕቃው በደኅና ቢገባም ትርፉ በመንገድ ይቀራል። በአገራችን የመገናኛ ሥራ ሲጀመርም የተከተለው የንግድን ፈለግ ነበር፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው የስልክና የቴሌግራፍ መሥመር ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነበር። ያ ሽቦ በዓይን ይታይ ነበር፤ ቢበጠስም የተበጠሰበት ቦታ ተፈልጎ ይቀጠል ነበር።

ዛሬ ግን የጅጅጋ፥ የቶጎ ውጫሌ፥ የቀብሪበያህ፥ የሐርሺንና የአውበሬ ነጋዴ፥ እንዲሁም በባቡሩ መንገድ ያሉት የሽንሌ፥ የኤረርና የደወሌ ነጋዴዎች ሥራቸው በአብዛኛው በማይታይ መሥመር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የአስመጪው ሰነድ የሚያልፈው በ2012 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው እንደ ኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት ባሉ የኮምፒዩተር አሠራሮች ነው። ባለሱቁም በሄሎ ካሽ፥ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቴሌብር ክፍያ መቀበልን ለምዷል። ጫት ወደ ሐርጌሳ የሚልከው ላኪ ከሁሉ ይልቅ ይቸኩላል፤ ሸቀጡ በሰዓታት ውስጥ የሚጠወልግ ነውና። ይህ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ሳለ በባንክ መስኮት ፊት ቆሞ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ቃል ያልሰማ ነጋዴ በመካከላችን አይገኝም።

በትልልቆቹ ከተሞች መካከል ዋናው መሥመር ኦፕቲክ ፋይበርና ከማማ ወደ ማማ የሚላክ ሞገድ ነው። ፋይበሩ ባልደረሰበት ሥፍራ፥ ወይም የደረሰው በተቈረጠ ጊዜ፥ ቪሳት የሚባለው በትንሽ ዲሽ የሚሠራ የሳተላይት ግንኙነት ቦታውን ይይዛል። በዚህ የሳተላይት መንገድ ላይ ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱ ዳውን ኮንቨርተር ይባላል፤ በአማርኛ ሞገድ አውራጅ ብንለው ከሥራው አንርቅም። ይህ ጽሑፍ የዚህን መሣሪያ አሠራርና እርሱ በተበላሸ ጊዜ ተጠባባቂው እንዴት እንደሚተካ ለማስረዳት የታሰበ ነው። ዓላማው ነጋዴውን መሐንዲስ ለማድረግ አይደለም፤ አገልግሎት በሚገዛበት ጊዜ «ተጠባባቂ አለን» የሚለውን ቃል መርምሮ እንዲቀበል ለመርዳት ነው።

ሞገዱ ለምን ዝቅ ይደረጋል?

የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከእኛ ዘንድ ሲታይ ከቦታው የማይነቃነቅ ይመስላል፤ ስለዚህም ዲሹ አንድ ጊዜ በትክክል ከተተከለ በኋላ ወዲያና ወዲህ ማዞር አያስፈልግም። ለምሳሌ ያህል የኢትዮሳት የቴሌቪዥን ሥርጭት የተመሠረተበት ኤን ኤስ ኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ሥፍራው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ይህም ሥፍራ ከጅጅጋ ሲታይ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ፥ ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሳተላይቱ ወደ ምድር የሚልከው ሞገድ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ በቢልዮን የሚቈጠር ጊዜ ይነዝራል። የዚህ ንዝረት ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርዝ ነው፤ አንድ ሚልዮን ኸርዝ 1 ሜጋ ኸርዝ ይሆናል። ሲ ባንድ በሚባለው ክፍል የሚወርደው ሞገድ በተለመደው አሠራር ከ3,700 እስከ 4,200 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ኬ ዩ ባንድ በሚባለው ደግሞ ከ10,700 እስከ 12,750 ሜጋ ኸርዝ ይደርሳል። ይህን ያህል ከፍተኛ ንዝረት የተመረጠው ብዙ መልእክት በአንድ ጊዜ ስለሚሸከምና በመጠነኛ ዲሽ ለመሰብሰብ ስለሚመች ነው። ነገር ግን ይኸው ሞገድ ከዲሹ እስከ መቀበያው በተዘረጋ ተራ ገመድ ውስጥ እንዲያልፍ ቢደረግ ኃይሉ በጥቂት ሜትር ውስጥ ይመነምናል። መልእክቱን የሚፈታው መሣሪያም በዚህ ፍጥነት በቀጥታ እንዲሠራ ቢታሰብ ዋጋው እጅግ ይወደዳል።

ነገሩን በምናውቀው ሥራ እንመስለው። ከበርበራ ወደብ የተነሣ ባለ ተሳቢ መኪና በረጅሙ ጎዳና ላይ ብዙ ጭነት ይዞ ይጓዛል፤ ወደ ገበያው ጠባብ መንገድ ሲደርስ ግን ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ጭነቱ ወደ ትንንሽ መኪናዎች ይገለበጣል። ሩዙ ያው፥ ከረጢቱ ያው፥ ቍጥሩም ያው ነው፤ የተለወጠው ተሸካሚው ብቻ ነው። ዳውን ኮንቨርተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ መልእክቱን ሳይነካ ከፍ ካለው ሞገድ ላይ አውርዶ ዝቅ ባለው ሞገድ ላይ ይጭነዋል።

በጣራችን ላይ ያለው ሞገድ አውራጅ

ይህ መሣሪያ ለባለሱቆቻችን እንግዳ አይደለም። በዲሽ ፊት ላይ የሚታሰረውና ኤል ኤን ቢ እየተባለ የሚሸጠው ትንሽ ዕቃ በውስጡ ሁለት ሥራ ይዟል፤ አንደኛው ደካማውን ሞገድ ብዙ ጫጫታ ሳይጨምርበት ማጉላት ነው፤ ሁለተኛው ሞገዱን ማውረድ ነው። ከኤል ኤን ቢው የሚወጣው ሞገድ ከ950 እስከ 2,150 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ስለሚሆን በርካሽ ገመድ እስከ ሳሎን ድረስ ይወርዳል።

ማውረዱ የሚከናወነው በቅነሳ ነው። መሣሪያው በውስጡ የራሱን ቋሚ ሞገድ ያመነጫል። ከሰማይ የመጣው ሞገድና ይህ የውስጥ ሞገድ ቀያጭ በሚባለው ክፍል ሲገናኙ ከሁለቱ መካከል ድምራቸውና ልዩነታቸው የሆኑ አዲስ ሞገዶች ይወለዳሉ። ማጣሪያው ድምሩን ያስቀርና ልዩነቱን ያሳልፋል። ዩኒቨርሳል በሚባለው የኬ ዩ ባንድ ኤል ኤን ቢ ውስጥ የውስጡ ሞገድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለዝቅተኛው ክፍል 9,750፥ ለከፍተኛው ክፍል 10,600 ሜጋ ኸርዝ ነው። እንግዲህ 11,000 ሜጋ ኸርዝ ሆኖ የመጣ ሞገድ 9,750 ሲቀነስለት 1,250 ይሆናል፤ 12,000 ሆኖ የመጣው ደግሞ 10,600 ሲቀነስለት 1,400 ይሆናል። ከሁለቱ አንዱን የሚያስመርጠው ሪሲቨሩ በገመዱ ላይ የሚልከው የ22 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ነው። በዚያው ገመድ የሚሄደው 13 ወይም 18 ቮልት ደግሞ ለመሣሪያው ኃይል ከመስጠቱም በላይ ሞገዱ በቁም ወይም በአግድም ከሚመጣበት አንዱን ያስመርጣል።

የሲ ባንድ ኤል ኤን ቢ ግን በተለመደው አሠራር የውስጥ ሞገዱ 5,150 ሜጋ ኸርዝ ስለሆነ ከሚመጣው ሞገድ ይበልጣል። ስለዚህ ቅነሳው ይገለበጣል፤ 4,000 የመጣው 1,150 ሲሆን 3,800 የመጣው 1,350 ይሆናል። ከፍ ያለው ዝቅ፥ ዝቅ ያለው ከፍ ብሎ ይወጣል ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ባለሱቅ የተበላሸ ኤል ኤን ቢ ሲተካ የዕቃውን መልክ ብቻ ማየት አይበቃውም፤ በላዩ የተጻፈው የውስጥ ሞገድ ቍጥር ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ቍጥሩ ከተለየና ሪሲቨሩም በዚያው ልክ ካልተስተካከለ፥ ዕቃው አዲስና ጤናማ ቢሆንም ምስሉ አይመጣም፤ ደንበኛውም ሻጩን ይወቅሳል።

አንድ ችግር በዚህ ላይ ይጨመራል። በሁለት ሳሕን ሚዛን ላይ «ልዩነቱ 5 ኪሎ ነው» ብቻ ቢባል የትኛው ወገን እንደ ከበደ አይታወቅም። ቀያጩም እንዲሁ ነው፤ 11,000 እና 9,750 ልዩነታቸው 1,250 እንደሆነ ሁሉ 8,500 እና 9,750ም ልዩነታቸው ያው 1,250 ነው። ስለዚህ በ8,500 ላይ ያለ ባዕድ ሞገድ ቢገባ ከእውነተኛው ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ባለሙያዎች ይህን ባዕድ ሞገድ ምስል ይሉታል። እርሱን ለመከላከል ከቀያጩ በፊት ማጣሪያ ይደረጋል፤ ከቀያጩ በኋላ ግን ሁለቱን ለመለየት አይቻልም።

በምድር ጣቢያ ውስጥ ያለው ትልቁ መሣሪያ

ኤል ኤን ቢው የአንድን ቤት ወይም የአንድን የባንክ ቅርንጫፍ ጉዳይ ይፈጽማል። የብዙ ቅርንጫፎች መልእክት በአንድነት የሚደርሰው ግን በትልቅ የምድር ጣቢያ ነው። በአገራችን ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በሱሉልታ የተቋቋመው የሳተላይት የምድር ጣቢያ ነው። በኋላም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው ትምህርት በሳተላይት የተሠራጨ ነበር። ከመሐል አገር የራቁ ወረዳዎችና ቅርንጫፎችም በቪሳት መገናኘት የጀመሩት ፋይበር ሳይደርስላቸው ነው።

በእንዲህ ያለ ጣቢያ ውስጥ በትልቁ ዲሽ የተሰበሰበው ሞገድ መጀመሪያ ይጎላል፤ ቀጥሎ አካፋይ በሚባል ዕቃ ለብዙ ዳውን ኮንቨርተሮች ይታደላል። እያንዳንዱ ዳውን ኮንቨርተር ከመላው ሞገድ ውስጥ የታዘዘለትን አንድ ክፍል ብቻ መርጦ ያወርዳል። በብዛት የሚወርድበት መጠን 70 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ የሳተላይቱ አንድ የተለመደ ክፍል 36 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ስላለው ከ70 በታች 18፥ ከ70 በላይ 18 ሆኖ ከ52 እስከ 88 ሜጋ ኸርዝ ባለው ውስጥ ይገባል። ስፋቱ የበለጠ ሲሆን 140 ሜጋ ኸርዝ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ መልእክቱን ፈትቶ ለኮምፒዩተር የሚያቀብለው ሞደም ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቅነሳ መጨረስ አይቻልም። ምክንያቱም 3,950 የሆነውን ሞገድ በቀጥታ ወደ 70 ለማውረድ የውስጡ ሞገድ 3,880 መሆን ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ምስሉ 3,810 ላይ ይውላል። ይህም በዚያው በ3,700 እና በ4,200 መካከል ያለ፥ የሌላ ደንበኛ መልእክት የሚሄድበት ቦታ ስለሆነ ማጣሪያ አግዶት እውነተኛውን ብቻ ሊያሳልፍ አይችልም። ስለዚህ ቅነሳው በሁለት ደረጃ ይደረጋል። መጀመሪያ በ5,050 ተቀይጦ ወደ 1,100 ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ምስሉ 6,150 ላይ፥ ከገበያው ውጭ ርቆ ስለሚውል በቀላሉ ይታገዳል። ከዚያም ከ1,100 ወደ 70 ይወርዳል።

የውስጡ ሞገድ ጽናትም ትልቅ ነገር ነው። ርካሽ ኤል ኤን ቢ ቀን በፀሐይ ሲሞቅ፥ ሌሊት በጅጅጋ ብርድ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ሞገዱ እስከ 1 ሜጋ ኸርዝና ከዚያም በላይ ሊያፈገፍግ ይችላል። የቴሌቪዥን ጣቢያ ሞገድ ሰፊ ስለሆነ ሪሲቨሩ ይህን ስሕተት ተከትሎ ይይዘዋል። የባንክ ቅርንጫፍ ጠባብ ሞገድ ግን ስፋቱ ከዚህ ስሕተት ሊያንስ ስለሚችል ሞደሙ ይጠፋበታል። በዚህ ምክንያት ለንግድ ግንኙነት የሚገዛው ኤል ኤን ቢ ከጽኑ መለኪያ ጋር የተቈለፈ፥ ፒ ኤል ኤል የሚባለው ዓይነት ይሆናል። በጣቢያውም ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ከአንድ የ10 ሜጋ ኸርዝ ጽኑ ምንጭ ልካቸውን እንዲወስዱ ማድረግ የተለመደ ነው። የገበያ ሚዛን ሁሉ በአንድ የታወቀ ድንጋይ እንደሚመረመር ማለት ነው።

ተጠባባቂው እንዴት ይተካል?

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው የአበው ምክር ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ባላ የት እንደሚተከል፥ የመጀመሪያው መሰበሩንስ ማን እንደሚናገር አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። በመጋዘን ውስጥ በሳጥኑ ያለ መሣሪያ መለዋወጫ እንጂ ተጠባባቂ አይደለም፤ ባለሙያ ተጠርቶ፥ ሳጥኑ ተከፍቶ፥ ቍጥሩ ተስተካክሎ ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሥራው ቀን ያልፋል።

በጣቢያ ውስጥ ተጠባባቂ የሚደረግበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አንድ ለአንድ የሚባለው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መሣሪያ የራሱ ተጠባባቂ ይመደብለታል። ተጠባባቂው ኃይል አግኝቶ፥ ሞቆ፥ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ተስተካክሎ ይቆማል፤ የሚጎድለው ማዞሪያው ወደ እርሱ መዞሩ ብቻ ነው። ሁለተኛው አንድ ለብዙ የሚባለው ነው፤ አንድ ተጠባባቂ የብዙ መሣሪያዎችን ዘብ ይጠብቃል። ስድስት መሥመር ያለው ጣቢያ በመጀመሪያው መንገድ 12 መሣሪያ ሲያስፈልገው በሁለተኛው 7 ይበቃዋል። የዋጋው ልዩነት ለነጋዴ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በሁለተኛው መንገድ ተጠባባቂው የማንን ሥራ እንደሚተካ አስቀድሞ ስለማያውቅ ተቆጣጣሪ የሚባል መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል።

ተቆጣጣሪው የእያንዳንዱን መሣሪያ ፍሪኩዌንሲና የማጉላት መጠን በማኅደሩ ይይዛል። መሣሪያዎቹም ስለ ጤንነታቸው ያለማቋረጥ ያስታውቁታል፤ የውስጥ ሞገዱ ከቍልፉ ቢወጣ፥ የኃይል ሰጪው ቮልት ቢወድቅ፥ ሙቀት ከልክ ቢያልፍ የብልሽት ምልክት ይደርሰዋል። ምልክቱ እንደ ደረሰው የሚፈጸመው ሥራ በተራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ተጠባባቂው የተበላሸውን መሣሪያ ፍሪኩዌንሲና የማጉላት መጠን እንዲይዝ ያዘዋል። ቀጥሎ ተጠባባቂው በታዘዘው ላይ መጽናቱን እስኪያረጋግጥለት ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ የመግቢያውንና የመውጫውን ማዞሪያዎች ወደ ተጠባባቂው ያዞራል። በመጨረሻም ደወል ያሰማል፤ የሆነውንም ከነሰዓቱ ይመዘግባል።

ማዞሪያው ራሱ የሚፈጀው ጊዜ ከሰኮንድ እጅግ ያነሰ ነው። ሞደሙ ግን የጠፋበትን ሞገድ ፈልጎ እስኪይዝ ጥቂት ሰኮንዶች ሊወስድበት ይችላል፤ ኮምፒዩተሮቹም ግንኙነታቸውን እስኪያድሱ እንዲሁ። ስለዚህ «አይቋረጥም» የሚባል አገልግሎት በእውነት ሲመረመር «ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ ይመለሳል» ማለት ነው። ይህች አጭር ጊዜ በነጋዴ ላይ አደጋ ልታመጣ ትችላለች። ክፍያ ተልኮ ማረጋገጫው ሳይመለስ መሥመሩ ቢቋረጥ ገንዘቡ ሄዶ መልሱ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና፥ የግብይቱ መለያ ቍጥር ሳይጣራ ሁለተኛ መክፈል ተገቢ አይደለም። ሻጩም በበኩሉ ከገዢው ስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ ዕቃ ከማስረከቡ በፊት ገንዘቡ በራሱ ሒሳብ መግባቱን ማየት ይገባዋል።

ከተጠባባቂው አሠራር ውስጥ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ሌሎች ነጥቦችም አሉ። ማዞሪያው የጋራ መንገድ ስለሆነ እርሱ ቢበላሽ ዋናውም ተጠባባቂውም ይቀራሉ። በዚህ ምክንያት ኃይል ቢጠፋበትም ከነበረበት አቋም የማይነቃነቅ ማዞሪያ ይመረጣል፤ ተቆጣጣሪው ቢሞት እንኳ ሥራው በነበረበት ይቀጥላል። የተበላሸው መሣሪያ ለጥገና ሲነቀልም የሌሎቹን ሞገድ እንዳያቋርጥ ሆኖ መሠራት አለበት። የአንድ ለብዙ አሠራር ደግሞ ቅድሚያ ይፈልጋል፤ ሁለት መሣሪያዎች ባንድ ጊዜ ቢወድቁ ብቸኛው ተጠባባቂ የባንኩን መሥመር ያንሣ ወይስ የሙዚቃውን ጣቢያ የሚለው ጉዳይ በብልሽቱ ሰዓት የሚወሰን አይደለም። እንዲሁም የታመመው መሣሪያ «ድኛለሁ» ባለ ቍጥር ሥራው ወዲያው እንዲመለስለት ከተደረገ፥ አንዴ እየዳነ አንዴ እየታመመ መሥመሩን ደጋግሞ ያቋርጠዋል። ስለዚህ ሰው መርምሮት እስኪፈቅድ ድረስ ሥራው በተጠባባቂው ላይ እንዲቆይ ማድረግ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው። መሣሪያው የውስጥ ሞገዱ የጸና፥ ኃይሉ የተሟላ ሆኖ ሳለ ከውስጡ አንዱ አጉሊ ቢደክም፥ ለተቆጣጣሪው «ደኅና ነኝ» እያለ ደካማ ሞገድ ያወጣል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጣቢያ የመሣሪያውን ቃል ብቻ አያምንም፤ ከመሣሪያው የሚወጣውን የሞገዱን ጥራትም ይለካል። ተጠባባቂውም በሚያርፍበት ጊዜ እንዲሁ ሊታመም ስለሚችል በታወቀ ቀን ወደ ሥራ እየገባ መፈተን አለበት። ዓመት ሙሉ ያልተፈተነ ተጠባባቂ ጤንነቱ የሚታወቀው በዋናው መሞት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ማወቁም አይጠቅምም።

ተጠባባቂ መሣሪያ የማያድነው ጉዳት

ሁለቱ ዳውን ኮንቨርተሮች የሚመገቡት ከአንድ ዲሽ ከሆነ የዲሹ ችግር የሁለቱም ችግር ነው። ከባድ ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ በተለይ የኬ ዩ ባንድ ሞገድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ተጠባባቂው ቢተካም የሚያገኘው ያንኑ የደከመ ሞገድ ነው። መብራት በጠፋ ጊዜም ሁለቱ ኃይል የሚያገኙት ከአንድ መሥመር ከሆነ አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ኃይል ሰጪ፥ ባትሪና ጄነሬተር ያስፈልጋል።

ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ ታውካለች። ፀሐይ ከምድር ሲታይ በሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ የራሷ ሞገድ ወደ ዲሹ ገብቶ የሳተላይቱን ይሸፍነዋል። በጅጅጋ ኬክሮስ ይህ የሚሆነው በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትና በመስቀል ሰሞን ባሉት ጥቂት ቀናት ሲሆን፥ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ሳተላይት የሚመለከት ዲሽ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ደቂቃዎች ይታወካል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ አስቀድሞ በሒሳብ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ በዚያ ሰዓት አስቸኳይ ክፍያ አለመቅጠር ይበቃል።

ስለዚህ እውነተኛው ተጠባባቂ መንገዱም የተለየ ሲሆን ነው። የፋይበር መሥመር ያለው ነጋዴ ሁለተኛ የፋይበር መሥመር ቢጨምር ሁለቱም በአንድ ቦይ የተቀበሩ ከሆነ አንድ ዶማ ሁለቱን ይቈርጣቸዋል። በፋይበሩ ላይ ቪሳት ወይም የሞባይል ግንኙነት ቢጨምር ግን የአንዱ ጉዳት ሌላውን የሚነካበት አጋጣሚ ያንሳል።

ነጋዴው ምን ይጠይቅ?

አገልግሎት የሚገዛ ድርጅት ውል ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

1ኛ፥ ተጠባባቂው በመጋዘን ያለ መለዋወጫ ነው ወይስ ኃይል አግኝቶ በቦታው የቆመ?

2ኛ፥ አንድ ለአንድ ነው ወይስ አንድ ለብዙ? አንድ ለብዙ ከሆነ የእኛ መሥመር በቅድሚያ ስንተኛ ነው?

3ኛ፥ መተካቱ በራሱ የሚፈጸም ነው ወይስ ሰው ሲታዘዝ? ሌሊትና በበዓል ቀን የሚታዘዘው ሰው ማን ነው?

4ኛ፥ ከብልሽቱ እስከ ግንኙነቱ መመለስ ድረስ ስንት ሰኮንድ ወይም ደቂቃ ይፈጃል?

5ኛ፥ ተጠባባቂው መጨረሻ የተፈተነው መቼ ነው? መዝገቡ ሊታይ ይችላልን?

6ኛ፥ ዋናውና ተጠባባቂው የሚጋሩት ምንድን ነው፤ ዲሹን፥ ገመዱን፥ ኃይሉን፥ ወይስ ማዞሪያውን?

በተለይ ስድስተኛው ጥያቄ ሊዘነጋ አይገባም፤ ሁለቱ የሚጋሩት ዕቃ ሁሉ ተጠባባቂ የሌለው ዕቃ ነውና።

በትንሹ ሱቅም ሥርዓቱ ያው ነው። ዲሽ የሚሸጥና የሚተክል ባለሱቅ የደንበኛውን ኤል ኤን ቢ ዓይነትና የውስጥ ሞገድ ቍጥር በደብተር ቢይዝ፥ ብልሽት በደረሰ ጊዜ የሚተካውን ሳይሳሳት ይዞ ይወጣል። ይህም ተቆጣጣሪው መሣሪያ በማኅደሩ ከሚይዘው ጋር አንድ ሥራ ነው። ቪሳት ያለው የንግድ ቤት አንድ የተፈተነ ፒ ኤል ኤል ኤል ኤን ቢ፥ ከሁለት ገመድ ጫፎች ጋር፥ በታወቀ ቦታ ቢያስቀምጥ ከትልቅ ኪሳራ ይድናል። የስልክ ክፍያ የሚቀበል ሱቅም የሁለት ድርጅቶችን አገልግሎት ቢይዝና መሥመሩ ሲጠፋ የሚጻፍበት የካርቦን ደረሰኝ ቢያዘጋጅ ሥራው አይቆምም።

ተጠባባቂ መያዝ ገንዘብ ያስወጣል፤ ስለሆነም ነጋዴ ሁሉ በየልኩ ያስላ። የአንድ ቀን መቋረጥ የሚያስቀረው ትርፍ፥ በጠረፍ የቆመ የመኪና ኪራይ፥ በቶጎ ውጫሌ የሚጠብቁ እንስሳት ቀለብና የሚጠወልገው ጫት ዋጋ በአንድ ወገን፥ የተጠባባቂው ዋጋና የመፈተኛው ድካም በሌላው ወገን ይመዘን። ሚዛኑ ወደ ተጠባባቂው ካደላ ግዢው በሳጥን ያለ ዕቃ ለማግኘት ሳይሆን የቆመ፥ የተስተካከለና የተፈተነ ተተኪ ለማግኘት ይሁን። መሣሪያ የሥራ ሰዓትን አክብሮ አይበላሽምና፥ የተተኪውን ጤንነት ከሥራው ሰዓት በፊት ማወቅ የባለንብረቱ ድርሻ ነው።